የብራዚል ለውዝና የዋግ ኽምራ ዕጣን፦ ሳይተከሉ የሚመረቱ ሁለት ዛፎች

ከሰቆታ ከተማ ተነሥቶ ወደ አበርገሌ ወይም ወደ ዝቋላ ወረዳ፣ በአጭሩ ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ ሙቀቱ እየጨመረ፣ የዕፀዋቱም ዓይነት እየተለወጠ ሲሄድ ያስተውላል። ሰቆታ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2200 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በከተማይቱ ዙሪያ የደጋና የወይና ደጋ ዕፀዋት ይታያሉ። ከ1800 ሜትር ገደማ በታች ግን በድንጋያማው ተዳፋት ላይ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት እየተላጠ የሚንጠለጠል፣ በበጋ ወራት አንድም ቅጠል የማይታይበት ዛፍ ብቅ ይላል። ይህ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ በሚል ሳይንሳዊ ስም የሚታወቀው የዕጣን ዛፍ ነው። «ፓፒሪፌራ» ማለት «ወረቀት ያዥ» ማለት ሲሆን ስሙ የተሰጠው በዚሁ የቅርፊቱ ጠባይ ምክንያት ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ በጽና የሚታጠነው፣ ቡና ሲፈላ በየቤቱ የሚጨሰው፣ በውጭ አገርም ሽቶና የፊት ቅባት የሚቀመምበት ዕጣን ከዚህ ዛፍ ይገኛል።

ዛፉን ማንም አልተከለውም፤ ማንም ውኃ አላጠጣውም። በዓለም ገበያ ላይ ትልቅ ዋጋ ካላቸው የደን ውጤቶች መካከል እንዲህ ሳይተከሉ የሚሰበሰቡት ጥቂቶች ናቸው። ከእነዚህም አንዱ ከአበርገሌ ተዳፋት እጅግ በራቀው፣ እጅግም በተለየው የአማዞን ደን ውስጥ የሚገኘው የብራዚል ለውዝ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ዛፎች ጎን ለጎን የምናስቀምጠው በምግብና በመዋቢያ ምርቶች ውስጥ ያላቸው አገልግሎት ስለሚመሳሰል ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎች በሁለቱም ደኖች ውስጥ ዛፎችን ቆጥረው ያገኙት ውጤት ስለሚመሳሰል፣ ለዋግ ኽምራም የሚያስጨንቀው ይኸው ውጤት ስለሆነ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ብራዚል ለውዝ ጥቂት እንበል። ስሙ እንዳያሳስተን፤ ይህ ለውዝ እኛ ቆልተን ከምንበላው፣ ከመሬት ተቆፍሮ ከሚወጣው ለውዝ ጋር የዘር ግንኙነት የለውም። በርቶሌቲያ ኤክሴልሳ የተባለው ዛፍ እስከ 50 ሜትር ይረዝማል፣ ዕድሜውም በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ይለካል። ፍሬው የኮኮናት ያህል ሆኖ እስከ 2 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ከጠንካራው ልባስ ውስጥም ከ10 እስከ 25 የሚደርሱ፣ እንደ ብርቱካን ክፋይ ተጠጋግተው የተደረደሩ ዘሮች ይገኛሉ። ፍሬው ለመብሰል ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። በዝናቡ ወራት ራሱ ከከፍታው ሲወድቅ ከሥሩ የቆመን ሰው ሊገድል ስለሚችል ለቃሚዎች ነፋስ በሚነፍስበት ሰዓት ወደ ዛፉ አይጠጉም።

ዛፉ በእርሻ መልክ ተተክሎ አጥጋቢ ምርት የሰጠበት ጊዜ ጥቂት ነው። አበባውን የሚያራቡት ትልልቅና ጠንካራ የዱር ንቦች ናቸው፤ የአበባው ክዳን ከባድ በመሆኑ ደካማ ነፍሳት ሊከፍቱት አይችሉም። እነዚህ ንቦች ደግሞ ያለ ደኑ አይኖሩም። ከወደቀው ፍሬ ውስጥ ዘሩን የሚያወጣው አጉቲ የተባለ አይጥ መሰል እንስሳ ሲሆን፣ ጥርሱ ያንን ድንጋይ መሰል ልባስ ይበሳል፤ የበላውን በልቶ የተረፈውን ለክፉ ቀን ይቀብራል፤ የቀበረውን ሲረሳ ችግኝ ይበቅላል። ስለዚህም ለገበያ የሚቀርበው የብራዚል ለውዝ ዛሬም አብዛኛው ከተፈጥሮ ደን የሚለቀም ሲሆን፣ ስሙ የብራዚል ቢሆንም ቦሊቪያና ፔሩም ከዋነኞቹ አቅራቢዎች መካከል ናቸው።

የዘሩ ሁለት ሦስተኛ ያህል ቅባት፣ አንድ ሰባተኛ ያህሉ ደግሞ ፕሮቲን ነው። ይበልጥ የሚታወቀው ግን በሴሌኒየም ይዘቱ ነው። ሰውነታችን ይህን ንጥረ ነገር የሚፈልገው በጣም በትንሽ መጠን ነው፤ ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን 55 ማይክሮ ግራም፣ ማለትም ከአንድ ግራም በብዙ ሺህ እጥፍ ያነሰ መጠን ይበቃዋል። አንድ ፍሬ የብራዚል ለውዝ ብቻውን ይህን መጠን ሊሸፍን ይችላል። ከልክ በላይ አዘውትሮ የሚበላው ሰው ግን ፀጉሩ ሊረግፍ፣ ጥፍሩም ሊሰባበር ይችላል፤ ዘይቱ ለፀጉር ማለስለሻ በሚሸጥበት ዓለም ይህ የሚያስገርም ነው። በዘሩ ውስጥ ያለው የሴሌኒየም መጠን ዛፉ እንደቆመበት አፈር በእጅጉ ይለያያል። የአፈርና የምግብ ግንኙነት ለእኛም እንግዳ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት በኢትዮጵያና በማላዊ የሚመረቱ የእህል ዓይነቶች የሴሌኒየምና የሌሎች ንጥረ ነገሮች ይዘት ከቦታ ቦታ በጣም እንደሚለያይ አሳይቷል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስወገድ የገባውን ቃል በሰቆታ ስም የሰየመው ያለ ምክንያት አይደለምና፣ የዋግ አፈርና የዋግ ማዕድ ሊመረመር የሚገባው ጉዳይ ነው። መፍትሔው ግን ከአማዞን ለውዝ ማስመጣት እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳዋል።

በመዋቢያ በኩል የብራዚል ለውዝ ዘይት በሳሙና፣ በቆዳ ቅባትና በፀጉር ማለስለሻ ውስጥ ይገባል። አሠራሩ ቀላል ነው። ኦሌይክና ሊኖሌይክ የተባሉት የቅባት አሲዶች ስለሚበዙበት በቆዳ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ ከቆዳው የሚተነውን ውኃ ይቀንሳል። ቅቤ ለዘመናት በእናቶቻችን ፀጉር ላይ ሲሠራ የኖረውም በመሠረቱ ይህንኑ ሥራ ነው።

ወደ ዋግ እንመለስ። ዕጣን ዘይት ሳይሆን የቁስል መድን ነው። የዛፉ ውስጠኛ ቅርፊት ሙጫ በሚያስተላልፉ ጥቃቅን ቦዮች የተሞላ ሲሆን፣ ቅርፊቱ ሲቆረጥ ሙጫው ወጥቶ በአየር ይደርቃል፤ ቁስሉንም ይዘጋል። ሰብሳቢዎች ይህን የዛፉን ጠባይ ይጠቀሙበታል። ክረምቱ ወጥቶ ቅጠል ከረገፈበት ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ግንቦት መጨረሻ ገደማ በትንሽ ሹል መሣሪያ ቅርፊቱን በጥቂት ቦታ ይልጡታል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሰው የደረቀውን ዕጣን ይለቅማሉ፣ ቁስሉንም በትንሹ ያሰፉታል። ይህ በአንድ በጋ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይደጋገማል። የተለቀመው ዕጣን እንደ ቀለሙና እንደ እንክብሉ መጠን ተበጥሮ በደረጃ ይለያል። ነጩና ትልቁ ለውጭ ገበያ ይሄዳል፤ ዱቄቱና ቅርፊት የተቀላቀለበት ለአገር ውስጥ ይቀራል። ከዚህ ዝርያ የሚገኘው ዕጣን በንግዱ ዓለም የትግራይ ዓይነት እየተባለ ይጠራል፤ ከዋግና ከመተማ የሚመጣውም በዚሁ ስም ይሸጣል። በዓለም ላይ ለሚሸጠው ዕጣን ዋነኛው ምንጭ ይኸው የዛፍ ዝርያ ነው።

በኬሚስትሪ ዓይን ሲታይ ዕጣን የሦስት ነገሮች ድብልቅ ነው፦ በቀላሉ የሚተን ዘይት፣ በውኃ የማይሟሟ ሙጫ እና በውኃ የሚሟሟ ሙጫ። ሽታው የዘይቱ ነው። የሌሎች አገሮች የዕጣን ዝርያዎች ዘይት ብዙውን ጊዜ እንደ ጥድ በሚሸቱ ውህዶች የተሞላ ሲሆን፣ ከእኛው ዝርያ በሚገኘው ዘይት ውስጥ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ኦክታይል አሴቴት የተባለው ውህድ ነው፤ ከኢትዮጵያ በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ በተደረገ ትንተና ከዘይቱ ከግማሽ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ውህድ በብርቱካን ልጣጭ ውስጥም አለ። የእኛን ዕጣን ገና ሳይጨስ በእጅ አሽቶ ያሸተተ ሰው የብርቱካን መሰል ጠረን የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕጣን ወደ ምግብ የሚገባበት መንገድም ይኸው ጠረን ነው። ኦክታይል አሴቴት ለመጠጥና ለጣፋጭ የፍራፍሬ ቃና ለመስጠት ከሚያገለግሉ ቅመሞች አንዱ ሲሆን፣ ዕጣንም ራሱ በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በምግብ ውስጥ ሊጨመሩ በሚችሉ የተፈጥሮ ማጣፈጫዎች ዝርዝር ውስጥ ሰፍሯል። መጠኑ ግን እጅግ አነስተኛ ነው። በሽቶ ሥራ ውስጥ ደግሞ ሙጫው ከሌሎቹ ቅመሞች ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚተን ሽቶው በሰውነት ላይ እንዲቆይ ይረዳል። ስለ ቆዳ ቅባቶች አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንፈልግም። በብዙ ማስታወቂያዎች ላይ የዕጣን ዘይት እብጠትን የሚቀንሱ ቦስዌሊክ አሲዶችን እንደያዘ ይነገራል። እነዚህ አሲዶች በዕጣኑ ሙጫ ውስጥ በእርግጥ ይገኛሉ፤ ሆኖም ሞለኪውሎቻቸው ከባዶች በመሆናቸው ዘይቱ በእንፋሎት ሲጣራ አብረው አይተኑም። በጠርሙስ የሚሸጠው የተጣራ ዘይት መልካም ሽታ አለው፤ ቦስዌሊክ አሲድ ግን አይኖረውም ማለት ይቻላል።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ደስ የሚያሰኝ ነው። አሁን ዛፎቹ ወደ ተቆጠሩበት እንለፍ።

እ.ኤ.አ. በ2003 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት በብራዚል፣ በፔሩና በቦሊቪያ የሚገኙ 23 የብራዚል ለውዝ ደኖችን አነጻጽሮ፣ ለረጅም ዘመን በብርቱ ሲለቀሙ በኖሩት ደኖች ውስጥ ወጣት ዛፎች እንደማይገኙ ወይም እጅግ ጥቂት እንደሆኑ ገለጸ። ደኑ ሲታይ ለምለም ነው፤ ግዙፎቹ ዛፎች በየዓመቱ ያፈራሉ። ነገር ግን ሁሉም ሽማግሌዎች ናቸው። ዘሩ ሁሉ ተለቅሞ ሲሸጥ አጉቲው የሚቀብረው አጣ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በኔዘርላንድ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያንና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ስለ ዕጣን ዛፍ ያሳተሙት ጥናት ወጣ። እነርሱም ያጠኑት፣ በአጋጣሚ፣ 23 ደኖችን ነበር። ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ደኖች ውስጥ ትናንሽ ዛፎች አልተገኙም። ተመራማሪዎቹ በ20 ዓመት ጊዜ ውስጥ የዕጣን ምርት በግማሽ እንደሚቀንስ ተነበዩ። ከዚያ በፊት በመተማ የተቆረጡ ግንዶችን ዓመታዊ ቀለበት በመቁጠር እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት፣ በዚያ ደን ውስጥ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አዲስ ትውልድ እንዳልተተካ አሳይቶ ነበር። በሌላ አነጋገር ዛሬ የሚቆስሉት ዛፎች በአብዛኛው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የበቀሉ ናቸው።

ሁለቱ ዛፎች እዚህ ላይ ይለያያሉ። የብራዚል ለውዝ ለቃሚ የሚወስደው ዘሩን ነው፤ ዛፉን አይነካውም። ዛፉም በመቶ ዓመታት ስለሚቆጠር ስሕተትን ለማረም ጊዜ ይሰጣል። በኋላ የተደረጉ ጥናቶችም ገበሬዎች አርሰው ለጥቂት ዓመታት ባሳደሩት መሬት ላይ ወጣት የብራዚል ለውዝ ዛፎች በብዛት እንደሚበቅሉ አሳይተዋል፤ ብርሃን ያገኛሉ፣ ቢቆረጡም ያቆጠቁጣሉ። የዕጣን ሰብሳቢ ግን ዘሩን አይወስድም፤ የሚወስደው ዛፉ ዘር ሊያፈራበት ያጠራቀመውን ስንቅ ነው።

ይህን በጥቂቱ እናብራራ። የዕጣን ዛፍ ቅጠል የሚያወጣው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ወቅት ብቻ ነው። በእነዚህ ጥቂት ወራት በብርሃን አስተፃምሮ የሚያዘጋጀውን ስኳርና ስታርች በግንዱና በሥሩ ያከማቻል። ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ በበጋው የሚያብበውና የሚያፈራው ከዚሁ ጎተራ እየወሰደ ነው። ዕጣን የሚቆረጠውም በዚሁ በበጋ ነው። ዛፉ ያለ ቅጠል፣ ያለ ዝናብ፣ በአንድ በኩል አበባ ሲመግብ በሌላ በኩል ደጋግሞ የሚከፈትበትን ቁስል ለመድፈን ሙጫ ያመርታል። ጎተራው አንድ፣ ወጪው ሁለት ነው። በኤርትራ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ውጤቱን በግልጽ አሳይቷል፦ ካልተቆረጡ ዛፎች የተገኙት ዘሮች ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅሉ፣ ሲቆረጡ ከኖሩት ዛፎች የተገኙት ግን የበቀሉት ከ16 በመቶ በታች ነበሩ።

ከዚህ ተርፎ የበቀለው ችግኝ የሚያገኘው ፍየልን ነው። የአበርገሌ ፍየል በአገሪቱ ከታወቁት የፍየል ዝርያዎች አንዱ ነው፤ በድርቅ ዓመት ቤተሰብን የሚያቆመው እርሱ መሆኑን በዋግ የሚኖር ሁሉ ያውቃል። ፍየሉን ማውገዝ ቀላል ነው፤ እኛ ግን ከአውጋዦቹ ጋር አንቆምም። አንድ አባወራ ከዚያው ተዳፋት ላይ ዕጣንም ወተትም ሥጋም ሲያገኝ፣ ዕጣኑ በፈቃድ ለሠራው ድርጅትና ለነጋዴው ይበልጥ የሚጠቅም ሆኖ ሳለ ፍየሉ ግን የራሱ ከሆነ፣ ለችግኙ ብሎ ፍየሉን እንዲከለክል የሚጠየቅበት ምክንያት ሊታየው አይችልም። ችግሩ የዕፀዋት ሳይንስ ብቻ እንዳልሆነ የሚገባን እዚህ ላይ ነው። በዚህ ላይ ጢንዚዛ አለ። ረጅም አንቴና ያለው ግንድ ቦርቧሪ ጢንዚዛ በቆሰሉና በተዳከሙ ዛፎች ላይ ይበረታል፤ ዛፉም አንድ ቀን በነፋስ ተሰብሮ ይገኛል።

ታዲያ ምን ማድረግ ይቻላል? ሁሉም ነገር እኩል ተስፋ የሚሰጥ አይደለም። ከሁሉ ቀላሉ የቁስሉን ቁጥር መወሰን ነው። በአገራችን የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው በአንድ ዛፍ ላይ የሚቆረጡት ቦታዎች ከ9 ሲበልጡ የዕጣኑ መጠን አይጨምርም። ከዚያ በላይ የሚቆረጠው ሁሉ ለዛፉ ጉዳት፣ ለሰብሳቢውም ድካም ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ነጥብ ላይ የዛፉና የሰብሳቢው ጥቅም አይጋጭም፤ እንዲህ ያለ አጋጣሚ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ዛፉን በየተወሰነ ዓመት ማሳረፍም ተመራማሪዎች ደጋግመው የሚመክሩት ነው። ነገር ግን ደኑን በአጭር ጊዜ ውል የያዘ ሰው ለሚቀጥለው ተዋዋይ ብሎ ዛፉን እንዲያሳርፍ መጠበቅ የዋህነት ነው፤ የውሉ ዘመን ሳይስተካከል ምክሩ በወረቀት ላይ ይቀራል። ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከልም ይቻላል፤ ቅጠል የሌለው ወፍራም ቅርንጫፍ በተገቢው ጊዜ ከተተከለ ሥር ይሰድዳል። ይህ ዘዴ የዘሩን ድክመትና የችግኙን ልጅነት ስለሚያሻግር ለዋግ ዓይነቱ ምድር በጣም ተስማሚ ይመስለናል፤ የሰቆታ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከልን የመሰለ ተቋም በአቅራቢያው መኖሩም መልካም ዕድል ነው።

ስለ ተከለለ ቦታ ግን በጥንቃቄ መናገር ያስፈልጋል። ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ በተጠበቁ ቦታዎች ብዙ ችግኞች ይታያሉ፤ ሆኖም ከችግኝነት አልፈው ለጋ ዛፍ የሚሆኑት ጥቂት በመሆናቸው አንዳንዶች ክለላው አልሠራም ወደሚል መደምደሚያ ይደርሳሉ። የዚህን ዛፍ የልጅነት ጠባይ ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ችግኙ በክረምት ከአፈር በላይ ጥቂት ቅጠሎች ያወጣል፤ በጋ ሲገባ ከአፈር በላይ ያለው አካሉ ሁሉ ደርቆ ይሞታል። ሥሩ ግን ከአፈር በታች በሕይወት ይቆያል፣ በሚቀጥለው ሰኔም እንደገና ያቆጠቁጣል። ይህ ለብዙ ዓመታት ይደጋገማል። በየክረምቱ የተገኘው ስኳር ወደ ሥሩ እየወረደ ሥሩ ይወፍራል፤ በቂ ስንቅ ሲያጠራቅም አንድ ዓመት ግንዱ በጋውን ሳይሞት ይሻገራል፣ ከዚያም ዛፍ መሆን ይጀምራል። ስለዚህ አንድ የተከለለ ተዳፋት በአምስት ዓመቱ ተከፍቶ ለግጦሽ ከተለቀቀ፣ የጠፋው ገና ማንም ያላየው የአምስት ዓመት ሥር ነው። ችግኝ ለመቁጠር በግንቦት ወደ አበርገሌ የሚወርድ ባለሙያም ባዶ ድንጋይ አይቶ ይመለሳል፤ ቆጠራው መደረግ ያለበት በነሐሴ ነው።